የጦር ሜዳ ጀግንነት ሜዳሊያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደረቱን በሜዳሊያ የሞላ ወታደር ስናይ ብዙዎቻችን ወዲያው "ይሄማ ጀግና ነው" እንላለን። ሊሆን ይችላል። ደግሞም ሃያ ዓመት ሙሉ ያለ ቅጣት ያገለገለ ጎበዝ የመጋዘን ሹም ሊሆን ይችላል። በዚህ ጉዳይ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረት ላይ የሚታየው ሁሉ የጀግንነት ሜዳሊያ ነው?

አይደለም። እንዲያውም አብዛኛው አይደለም። በአንድ ዘመቻ ስለተሳተፉ ብቻ የሚሰጥ አለ። ብሪታንያ ከ1815ቱ የዋተርሎ ጦርነት በኋላ ከጄኔራል እስከ ተራ ወታደር እዚያ ለነበረ ሁሉ አንድ ዓይነት ሜዳሊያ አድላለች። ለረጅም አገልግሎትና ለመልካም ሥነ ምግባር የሚሰጥም አለ። ለቁስለኛ የሚሰጥም አለ፤ የአሜሪካው ፐርፕል ሃርት ዋነኛው ምሳሌ ነው። በጠላት እጅ የቆሰለ ወይም የሞተ ሁሉ ያገኘዋል። ሲቆስል እየተዋጋ ይሁን ምሳውን እየበላ፣ አይጠየቅም።

የጀግንነት ሜዳሊያ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። "በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ፣ ይህን አደረገ" ተብሎ ለአንድ የታወቀ ድርጊት ነው የሚሰጠው። ከዚህ በታች የማወራው ስለዚህኛው ነው።

ለመሸለም ምን ማድረግ ያስፈልጋል?

የየአገሩ መመሪያ ይለያያል፤ ፍሬ ነገሩ ግን ተቀራራቢ ነው። አንደኛ፣ ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ። ሁለተኛ፣ ከታዘዙት በላይ መሄድ። ምሽግህን እንድትጠብቅ ታዘህ ከጠበቅህ ግዴታህን ተወጣህ ይባላል እንጂ ኒሻን አይገባህም። ሦስተኛ፣ ለከፍተኞቹ ሽልማቶች ጠላት ፊት ለፊት መኖር አለበት።

የብሪታንያ ከፍተኛው የጀግንነት ሜዳሊያ የቪክቶሪያ ክሮስ ታሪክ የሚጀምርበት ድርጊት ነገሩን በደንብ ያሳያል። ጁን 21፣ 1854 ሄክላ የተባለች የጦር መርከብ በባልቲክ ባሕር የሩሲያን ምሽግ ትደበድባለች። ከምሽጉ የተተኮሰ የመድፍ ጥይት ሳይፈነዳ መርከቧ ላይ ያርፋል። ፊውዙ ይጤሳል። "ተኙ!" የሚል ትእዛዝ ይሰማል። የሃያ ዓመቱ ቻርለስ ሉካስ ግን አልተኛም። ሮጦ አነሳውና ወደ ባሕሩ ወረወረው። ውሃው ጋ ሳይደርስ ፈነዳ። ከባድ ጉዳት የደረሰበት ሰው አልነበረም። ልብ በሉ፤ ተኝቶ ቢሆን ኖሮ ማንም ፈሪ አይለውም ነበር። የታዘዘው እንዲተኛ ነዋ።

ማን ነው የሚወስነው?

ብዙ ሰው የማያስበው ክፍል ይሄ ነው። ጀግንነቱ ደቂቃ ይፈጅ ይሆናል፤ ወረቀቱ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል።

አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቅርብ አዛዡ ነው። ሻምበሉ ወይም ሻለቃው "ይሄ ወታደር ይገባዋል" ብሎ ይጽፋል። ያዩ ሰዎች ቃላቸውን ይሰጣሉ፤ ለከፍተኛው ሽልማት አንድ ምስክር በቂ አይሆንም። ቦታው፣ ሰዓቱ፣ ጠላት የት እንደነበረ በካርታ ይያያዛል። ከዚያ ፋይሉ ወደ ላይ ይጓዛል፤ ከሻለቃ ጦር ወደ ብርጌድ፣ ከብርጌድ ወደ ክፍለ ጦር፣ እያለ። በየደረጃው ያለ አዛዥ ማጽደቅ፣ መጣል ወይም ዝቅ ወዳለ ሜዳሊያ ማውረድ ይችላል። መጨረሻ ላይ የሽልማት ኮሚቴ አይቶት ንጉሡ ወይም ፕሬዚዳንቱ ይፈርማሉ። የድርጊቱ አጭር ታሪክም ከሽልማቱ ጋር ይወጣል።

እንግዲህ አስቡት። ወታደሩ ሜዳሊያ እንዲያገኝ ጀግና መሆኑ ብቻ አይበቃም። ያየው ሰው በሕይወት መትረፍ አለበት። አዛዡም መገደል ወይም መዘዋወር የለበትም። ደግሞም መጻፍ መቻል አለበት። "በጣም ጎበዝ ነበር፣ በደንብ ተዋጋ" ብሎ የላከ አዛዥ ፋይሉን መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀብረው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሜዳሊያ ከድፍረት ጎን ለጎን የሌላውን ሰው ዓይንና ብዕርም ይለካል። ከዚህ በታች ያለው ነገር ሁሉ ከዚህ ጋር ይያያዛል።

ያዩት ሁሉ ከሞቱስ?

ብዙውን ጊዜ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ግን አልፎ አልፎ ምስክሩ ጠላት ሆኖ ይገኛል።

ኦገስት 11፣ 1943 የኒውዚላንዱ ተወላጅ ሎይድ ትሪግ ሊበሬተር የተባለ ትልቅ አውሮፕላን እያበረረ ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ርቆ አንድ የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ያገኛል። ሊያጠቃው ሲጠጋ መርከቡ ተኩስ ከፈተ። አውሮፕላኑ በእሳት ተያያዘ። ትሪግ ማጥቃቱን ትቶ ባሕሩ ላይ ለማረፍ መሞከር ይችል ነበር። አላደረገውም። እየነደደ መጣ፣ በጣም ዝቅ ብሎ ቦምቦቹን መርከቡ ላይ ጣለ፣ ከዚያ ባሕሩ ውስጥ ገባ። ከአውሮፕላኑ አንድም ሰው አልተረፈም። መርከቡም ብዙ ሳይቆይ ሰጠመ።

ከመርከቡ ካፒቴኑን ክሌመንስ ሻሞንግን ጨምሮ ጥቂት ጀርመኖች ተረፉ። የተረፉበት መንገድ ይገርማል፤ ከወደቀው አውሮፕላን ተንሳፍፎ የቀረ የጎማ ጀልባ አግኝተው ነው። የብሪታንያ መርከብ መጥቶ ማረካቸው። ሲጠየቁ ያዩትን ተናገሩ፤ ያ አብራሪ እየነደደ እንኳን እንዳልተመለሰ። ቪክቶሪያ ክሮሱ የተሰጠው በዚህ ቃል ብቻ ነው። ከወገን በኩል ያየ ሰው አልነበረም።

ይሄ ብቻም አይደለም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ማርች 1942፣ ብሪታንያ በፈረንሳይዋ ሰን ናዜር ወደብ ላይ ባደረገችው ወረራ፣ ቶማስ ዱራንት የተባለ ሳጅን በአንዲት ትንሽ ጀልባ ላይ ሆኖ ከጀርመን የጦር መርከብ ጋር ይታኮሳል። ደጋግሞ ቆሰለ። እጅ ስጥ ተባለ፤ እምቢ አለ። በቁስሉ ሞተ። ከቀናት በኋላ የጀርመኑ መርከብ አዛዥ የተማረከውን የብሪታንያ መኮንን ፈልጎ አገኘውና "ያን ሰው ልትሸልሙት ይገባል" አለው። መኮንኑ ነገሩን ይዞ የምርኮ ጊዜውን ጨረሰ። ሽልማቱ የወጣው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1945 ነው።

በ1999ኙ የካርጊል ጦርነትም ተመሳሳይ ነገር ተፈጥሯል። የፓኪስታኑ ሻምበል ካርናል ሼር ካን ሲገደል፣ የተዋጋው የህንድ ብርጌድ አዛዥ ስለ ጀግንነቱ ጽፎ ከአስከሬኑ ጋር ላከ። ፓኪስታን ከፍተኛውን ኒሻኗን፣ ኒሻን ኢ ሃይደርን፣ ሰጠችው።

ታዲያ ሳይሸለም የቀረ ብዙ አይኖርም?

በጣም ብዙ እንጂ! ምስክር ያጡት አንድ ነገር ናቸው። ምስክር ሞልቶ፣ ዓይን ሳይጠፋ፣ በቀለማቸው ምክንያት የተዘለሉም አሉ።

ሄንሪ ጆንሰንን እንውሰድ። አሜሪካዊ ጥቁር ወታደር ነው። በ1918 ፈረንሳይ ውስጥ ሌሊት ዘብ ቆሞ ሳለ የጀርመን ቅኝት ቡድን መጣበት። ጥይቱ ሲያልቅ በጠመንጃው ሰደፍ፣ ከዚያ በቆንጨራ ተዋጋ። ቁስሉ ከሃያ በላይ ነበር። አብሮት የነበረውን ቁስለኛ ጓደኛውን ሊማርኩት ሲጎትቱት አስጣላቸው። ፈረንሳይ ወዲያው ክሯ ደ ጌር የተባለውን የጦር መስቀሏን ሰጠችው። የገዛ አገሩስ? በሕይወት እያለ ምንም። በ1929 ሞተ። የአሜሪካ ከፍተኛው የጀግንነት ሜዳሊያ፣ ሜዳል ኦፍ ኦነር፣ የተሰጠው በ2015 ነው።

ለሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በጊዜው አንድም ጥቁር አሜሪካዊ ሜዳል ኦፍ ኦነር አላገኘም ነበር። መዝገቡ እንደገና ሲፈተሽ በ1997 ሰባት ሰዎች ተሸለሙ። ከሰባቱ በሕይወት የነበረው ቨርነን ቤከር ብቻ ነው። ቪክቶሪያ ክሮስም መጀመሪያ ላይ ለህንድ ተወላጅ ወታደሮች አይሰጥም ነበር። የተፈቀደው በ1911 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1914፣ መትረየስ ተኳሹ ኩዳዳድ ካን ቤልጅየም ውስጥ ቆስሎም፣ ጓዶቹ ሁሉ አልቀውም መተኮሱን ባለማቆሙ የመጀመሪያው ህንዳዊ ተሸላሚ ሆነ።

ስንት ዓመት ድረስ ሊዘገይ ይችላል?

በአሜሪካ 151 ዓመት የዘገየ አለ። መቶ አለቃ አሎንዞ ኩሺንግ በ1863 በጌቲስበርግ ጦርነት ቆስሎ ከመድፉ አልለይ ብሎ ሞተ። ሜዳሊያው በ2014 ወጣ። ብዙ አገሮች የማመልከቻ ጊዜ ገደብ ስላላቸው፣ እንዲህ ላለው ጉዳይ ልዩ ሕግ ማውጣት የግድ ይሆናል።

ለሞተ ሰው ይሰጣል?

አዎ፣ ዛሬ በሁሉም ቦታ ማለት ይቻላል። ለቤተሰብ ነው የሚሰጠው። ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። ቪክቶሪያ ክሮስ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ ድረስ በሕይወት ለተረፈ ብቻ ነበር። ሞተህ ከሆነ ቢበዛ "ቢተርፍ ኖሮ ይሸለም ነበር" የሚል ማስታወቂያ ይወጣልሃል። ዛሬ ነገሩ ወደ ሌላው ጫፍ ሄዷል። የህንድ ከፍተኛው የጀግንነት ሽልማት፣ ፓራም ቪር ቻክራ፣ እስካሁን ከተሰጣቸው 21 ሰዎች 14ቱ ያኔ በሕይወት አልነበሩም። የመጀመሪያው ሻለቃ ሶምናት ሻርማ ነው። ኖቬምበር 1947 ካሽሚር ውስጥ እጁ በጀሶ ታስሮ ወደ ግንባር ሄደ። በዚያው እጁ ለተኳሾቹ ጥይት እየሞላ ሲያቀብል ነው የሞተው።

ሰው ሳይገድሉ መሸለም ይቻላል?

በደንብ። ዴዝመንድ ዶስ በሃይማኖቱ ምክንያት ጠመንጃ አልነካም ብሎ የሕክምና ረዳት ሆኖ ዘመተ። ሥልጠና ላይ ጓደኞቹ ፈሪ እያሉ ያላግጡበት ነበር። በ1945 ኦኪናዋ ላይ ወገኖቹ ከአንድ ገደል አናት ተገፍተው ሲወርዱ፣ እሱ ላይ ቀረ። ቁስለኞቹን አንድ በአንድ እየጎተተ በገመድ አስሮ ወደ ታች አወረዳቸው። የሽልማቱ ጽሑፍ 75 ሰው ይላል። ሜዳል ኦፍ ኦነር ተሰጠው።

ቪክቶሪያ ክሮስን ሁለት ጊዜ ያገኙት በታሪክ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ከሦስቱ ሁለቱ፣ አርተር ማርቲን ሊክና ኖኤል ቻቫስ፣ ሐኪሞች ነበሩ። ሁለቱም የተሸለሙት ቁስለኛ ሲያነሱ ነው። ሦስተኛው ተዋጊ ነው፤ ቻርለስ አፐም ይባላል፣ ኒውዚላንዳዊ ነው።

ተራ ወታደርና መኮንን አንድ ዓይነት ሜዳሊያ ያገኛሉ?

በከፍተኛው ደረጃ አዎ፣ ዛሬ። ለረጅም ጊዜ ግን ኒሻን የመኳንንትና የጄኔራሎች ጌጥ ነበር። ናፖሊዮን በ1802 ሌዥዮን ደ ኦነርን ሲያቋቁም ወታደርም ሲቪልም፣ ዘር ሳይቆጠር እንዲያገኘው አደረገ። የፕሩሲያው ንጉሥ በ1813 ያቋቋመው የብረት መስቀልም ለማዕረግ አይለይም ነበር። ከወርቅ ይልቅ ብረት መሆኑ ራሱ ሆን ተብሎ ነው፤ ያኔ አገሪቱ ጌጧን ለጦርነቱ የምትሰጥበት ጊዜ ነበር። ቪክቶሪያ ክሮስም በ1856 ሲቋቋም ያንኑ መንገድ ተከተለ።

ከከፍተኛው በታች ግን ልዩነቱ ብዙ ቆየ። ብሪታንያ ለመኮንኖች አንድ፣ ለተራ ወታደሮች ሌላ ሜዳሊያ ነበራት። አንድ ምሽግ ውስጥ፣ በአንድ ሌሊት፣ አንድ ዓይነት ነገር የሠሩ ሁለት ሰዎች የተለያየ ብረት ይሰጣቸው ነበር። ይሄ የቀረው በ1993 ነው። ሶቭየት ኅብረት ደግሞ በ1943 የክብር ኒሻን ብላ በተለይ ለተራ ወታደሮችና ለሳጅኖች ባለ ሦስት ደረጃ ሽልማት አወጣች።

ወታደሮቹ ራሳቸው መምረጥ ይችላሉ?

ይሄ እኔን በጣም ደስ የሚለኝ ጥያቄ ነው። አንድ ክፍል በሙሉ ጀግና ሆኖ ማንን ከማን እንለይ ሲባል፣ የቪክቶሪያ ክሮስ ደንብ ድምፅ እንዲሰጡ ይፈቅድ ነበር። ኤፕሪል 1918 ቤልጅየም ውስጥ በዜብሩጌ ወደብ ላይ በተደረገው ጥቃት ከተሰጡት ስምንት ቪክቶሪያ ክሮሶች አራቱ በዚህ መንገድ የተመረጡ ናቸው። ያዩት እነሱ፣ ዳኞቹም እነሱ።

ሮማውያንም ተመሳሳይ ነገር ነበራቸው። ከሽልማቶቻቸው ሁሉ የሚበልጠው የሣር አክሊል የሚባለው ነበር። ጄኔራል ለወታደር አይሰጠውም። ከከበባ የዳነው ሠራዊት ነው ላዳነው አዛዥ የሚሰጠው። ሣሩም ከዚያው ከዳኑበት ቦታ የተነቀለ ነው። የወርቅ አክሊሎች ነበሩ፤ ከሁሉም የሚከበረው ግን በጥቂት ቀን የሚጠወልገው ነበር።

ለመሆኑ መቼ ነው የተጀመረው?

ከሮማም በፊት ነው። በጥንታዊት ግብፅ ፈርዖኖች ለጦረኞቻቸው ወርቅ ይሸልሙ ነበር። አሕሞስ የኢባና ልጅ የተባለ መርከበኛ ሰባት ጊዜ ወርቅ እንደተሸለመ ኤል ካብ በሚገኘው መቃብሩ ግድግዳ ላይ አስጽፏል። በዝንብ ቅርጽ የተሠሩ የወርቅ ጌጦችም ተገኝተዋል፤ ዝንብ ብትባረርም ተመልሳ ስለምትመጣ ነው ይባላል። እንደገባኝ ተስማሚ ምልክት ነው።

አንዴ የተሰጠ ሜዳሊያ ይነጠቃል?

ይነጠቃል። ቪክቶሪያ ክሮስ እስከ 1908 ድረስ ከስምንት ሰዎች ተነጥቋል። ስርቆት፣ ከሠራዊት መክዳት፣ ሁለት ሚስት ማግባት የመሳሰሉ ምክንያቶች ነበሩ። ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ይሄን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። ነፍስ ገድሎ ሊሰቀል የቀረበ ሰው እንኳን መስቀሉን አድርጎ ይሰቀል የሚል አቋም ነበራቸው።

አሜሪካ በ1917 በአንድ ጊዜ 911 ሜዳል ኦፍ ኦነሮችን ሰርዛለች። ከእነዚህ 864ቱ የአንድ ክፍል፣ የ27ኛው የሜይን ሬጅመንት፣ ሜዳሊያዎች ናቸው። የሆነው እንዲህ ነው፦ የአገልግሎት ጊዜያቸው ሊያልቅ ሲል "ዋና ከተማዋን ለመጠበቅ ለጥቂት ቀን የቆየ ይሸለማል" ተባለ። የቆዩት 300 ገደማ ናቸው። ስም ዝርዝሩ ተምታታና ቤታቸው ለሄዱትም ጭምር ታደለ። ብዕር ሲሳሳት እንዲህ ነው።

በዚያው ማጣሪያ ሐኪሟ ሜሪ ዎከርም ተሰረዘች። ሜዳል ኦፍ ኦነር ያገኘች ብቸኛ ሴት ናት። ሰረዝን ሲሏት ምን አደረገች? ማድረጓን ቀጠለች። በ1919 እስክትሞት አላወለቀችውም። በ1977 ተመለሰላት።

የብሬዥኔቭ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። የሶቭየቱ መሪ በ1978 ለታላላቅ የጦር መሪዎች ብቻ የሚሰጠውን የድል ኒሻን ለራሱ አሰጠ። ከሞተ በኋላ በ1989 ተሰረዘ። የሶቭየት ኅብረት ጀግና የሚለውንም ማዕረግ አራት ጊዜ ወስዷል፤ በዚህ ከማርሻል ዡኮቭ ጋር እኩል ነው። በርሊን ድረስ ጦር ከመራው ከዡኮቭ ጋር!

ለሴቶችስ?

ከድርጊታቸው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ለረጅም ጊዜ በሕግ ከግንባር ርቀው ነበር። የደረሱት ግን አሳይተዋል። ሰርቢያዊቷ ሚሉንካ ሳቪች እንደ ወንድ ለብሳ ዘምታ ከበርካታ አገሮች ሜዳሊያ ተሸልማለች። አልሞ ተኳሿ ሉድሚላ ፓቭሊቼንኮ በ1943 የሶቭየት ኅብረት ጀግና ተብላለች።

እንስሳትና ከተሞች ይሸለማሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በብሪታንያ ለእንስሳት ብቻ የሚሰጥ የዲኪን ሜዳሊያ የሚባል አለ፤ በ1943 ተጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሁሉ ይበልጥ የወሰዱት መልእክት አድራሽ እርግቦች ናቸው፤ 32። ውሾች 18፣ ፈረሶች ሦስት፣ አንድ ድመት። ድመቱ ሳይመን ይባላል፤ በተደበደበች የጦር መርከብ ላይ ቆስሎ እያለ አይጥ ማደኑን ቀጥሎ ነው።

ከተሞችም አሉ። ፈረንሳይ ቬርደንን ሸልማለች። የማልታ ደሴት በ1942 ከነሕዝቧ ጆርጅ ክሮስ የተባለው የብሪታንያ ሽልማት ተሰጣት፤ ዛሬ ባንዲራዋ ላይ የምታዩት እሱ ነው።

ገንዘብ ያስገኛል?

ያስገኛል፤ ግን ማንም ሀብታም አይሆንበትም። ቪክቶሪያ ክሮስ በ1856 ከመኮንን በታች ላሉ በዓመት 10 ፓውንድ ነበር። በ2015 ለሁሉም 10,000 ፓውንድ ሆኗል። በአሜሪካ ወርሃዊ አበል አለ፤ የተሸላሚው ልጆችም ወደ ጦር አካዳሚዎች ሲያመለክቱ የኮታ ገደብ አይነካቸውም። በልማድ ደግሞ ከፍ ያለ መኮንን እንኳን ለተሸላሚው ቀድሞ ሰላምታ ይሰጣል።

አንዳንዱ ገንዘቡን አይፈልገውም። ቻርለስ አፐም ከጦርነት ሲመለስ ሕዝቡ እርሻ ይግዛበት ብሎ 10,000 ፓውንድ አዋጣለት። አመሰግናለሁ ብሎ አልቀበልም አለ። ገንዘቡ ለወታደር ልጆች የትምህርት ድጋፍ ሆነ።

ይሸጣል?

እንደ አገሩ ነው። የቪክቶሪያ ክሮስ ነሐስ ራሱ ለማቅለጥ እንኳን አያጓጓም፤ በጨረታ ግን በመቶ ሺዎች ፓውንድ ይሸጣል። አሜሪካ ውስጥ ሜዳል ኦፍ ኦነር መሸጥ ወንጀል ነው።

ያላገኘውን ሜዳሊያ የሚያደርግ ሰው ምን ይደረጋል?

በብዙ አገር ያስቀጣል። አሜሪካ በ2006 ያወጣችው ሕግ ስለ ሜዳሊያ መዋሸትን በራሱ ወንጀል አድርጎ ነበር። በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሸትም ቢሆን ንግግር ነው ብሎ ሻረው። በ2013 እንደገና ሲወጣ ተጠበበ፤ በውሸቱ ገንዘብ ወይም ሌላ ጥቅም ለማግኘት ያታለለ ብቻ ይጠየቃል።

ተሸላሚዎቹ ራሳቸው ምን ይሰማቸዋል?

የተለያየ ነው። ብዙዎች "የሚገባቸው እዚያው የቀሩት ናቸው" ይላሉ፤ ትሕትና ብቻ አይመስለኝም፣ ማን እንዳየና ማን እንዳልታየ ያውቁታል። ኦዲ መርፊ በ1945 የሚነድ ታንክ አውዳሚ ተሽከርካሪ ላይ ወጥቶ በመትረየስ የጀርመን ጥቃትን ብቻውን ያገተ ሰው ነው። በኋላ የፊልም ተዋናይ ሆነ። ጦርነቱ ግን ከእንቅልፉ አልወጣለትም፤ ይሄንንም በአደባባይ ተናግሯል፣ ያኔ ብዙ ሰው በማያወራበት ጊዜ።

የወረወሩትም አሉ። በኤፕሪል 1971 ከቬትናም የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮች ተሰልፈው ሜዳሊያቸውን የምክር ቤቱ ሕንፃ ወዳለበት በአጥር ላይ ወርውረዋል። የወረወረው ሁሉ ጀግንነቱን ካደ ማለት አይደለም። የላካቸውን ጦርነት ነው የተቃወሙት።

ከአያቴ ዕቃ ውስጥ ሜዳሊያ አገኘሁ። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ አትወልውሉት። የሚያብረቀርቅ ሜዳሊያ ለዓይን ያምራል፤ ኬሚካሉ ግን ጽሑፉን ይበላዋል፣ ዋጋውንም ይጥለዋል። ከዚያ ጠርዙንና ጀርባውን በአጉሊ መነጽር እዩ። ብዙ አገሮች ስም፣ የመለያ ቁጥርና ክፍል ይቀርጹበታል። ሪባኑ ቢያረጅም አትቀይሩት፤ የቀለሙ አሰላለፍ ሜዳሊያውን ለመለየት ይረዳል።

ከሜዳሊያው ጋር ያለ ወረቀት፣ ደብዳቤ፣ ፎቶ ካለ ከሱ አትለዩት። ስም ያልተቀረጸበት ሜዳሊያ ያለ ወረቀቱ የማን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ሜዳሊያዎቹ ብዙ ከሆኑም አንድ ላይ ይቆዩ። ለወንድምና ለእህት አንድ አንድ ተከፋፍለው የጠፉ ስብስቦች ስንት ናቸው! ወረቀቱን ፎቶ አንሱትና ቅጂውን ሌላ ቤት አስቀምጡ። ሙዚየም ቢሰጥም ስርቆት አይቀርም፤ ዲሴምበር 2007 ኒውዚላንድ ውስጥ ከዋዩሩ የጦር ሙዚየም 96 ሜዳሊያ ተሰርቆ ነበር፤ የቻርለስ አፐም ቪክቶሪያ ክሮስም እዚያ ውስጥ ነበር። ወሮታ ተከፍሎ ከሁለት ወር በኋላ ተገኙ።

የቤተሰብን ሜዳሊያ ማድረግ ከፈለጋችሁ ደግሞ፣ በብሪታንያና የእሷን ልማድ በተከተሉ አገሮች ዘመዶች በመታሰቢያ ቀን በቀኝ ደረታቸው ነው የሚያደርጉት። የግራው ለራሱ ለተሸላሚው ነው።